ስልሳ ሦስት ሺህ ነው በሏቸው

ገዢው ከመኪናዋ ሳይወርድ፣ አንድ እግሩን ወደ ውጭ እንዳንጠለጠለ፣ «ሟቹ ዋሽቷችኋል» አለ።

ግቢያችን ውስጥ ነበር። ወንድሜ ከተቀበረ ሃምሳ ቀን አልሞላውም። አጎቴ አጠገቤ ቆሟል። የወንድሜ ሚስት ትንሿን ልጅ ታቅፋ በሩ ላይ ናት። ሁላችንም ሰምተናል። ሰውየው ግን ያልሰማነው ይመስል ደገመው።

«ዋሽቷችኋል። ወይ ደግሞ እናንተ እኔን እየዋሻችሁኝ ነው። ከሁለቱ አንዱ ነው።»

ይህን የምጽፈው ከዚያ ቀን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው። ንዴቴ አልበረደም። እንዲበርድም አልፈልግም። ግን አስቀድሜ ወንድሜ ምን እንዳለ መጻፍ አለብኝ፤ አለዚያ ስለ አንድ አሮጌ ፒካፕ ይህን ያህል መናደዴ ለሰው አይገባም።

ወንድሜ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ሹፌር ነው። ፒካፗን የገዛት ሥራውን ጨርሶ አገር ከለቀቀ አንድ መንገድ ሠሪ ድርጅት በጨረታ ነው። ሲገዛት የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሠላሳ አንድ ሺህ ይላል። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ዳር ዓሣ እየጫነ ደሴ ያደርሳል። የገበያ ቀን ደግሞ የአምባሰልን ዳገት እየወጣ ወደ ውጫሌ ሰውና እህል ያመላልሳል። ኬላ ላይ የሚቆሙት ታጣቂዎች ሁሉ ያውቁታል። «ዓሣው መጣ» ይሉት ነበር። ይጠላው ነበር ስሙን። ግን ይስቃል።

የታመመው በወባ ነው። ሦስት ቀን ብቻ። እኔ ደሴ ተከራይቼ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እማር ስለነበር የደረስኩት በሁለተኛው ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ትንሽ ለቀቅ ሲያደርገው ሚስቱን፣ አጎቴንና እኔን ወደ አልጋው ጠራን።

«መኪናዋን መሸጣችሁ አይቀርም» አለ። «ስትሸጧት ስልሳ ሦስት ሺህ ነው በሏቸው። ቆጣሪዋ አልተነካም። ሰው እንዳያታልላችሁ። እናንተም ሰው እንዳታታልሉ።»

ከዚያ በኋላ ሸሃዳውን ይዞ ነበር እንጂ ለእኛ ሌላ ቃል አልተናገረም። ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ልጆቹ ይናዘዛል። ወንድሜ ስለ ቆጣሪ ተናዘዘ። ይህ የሚገርመው እሱን ለማያውቅ ሰው ነው። ቆጣሪ ወደ ኋላ የሚመልሱ ሰዎችን እንደ ሌባ ነበር የሚጠላቸው። ከሌባም ይብሳሉ ይል ነበር፤ ሌባ ያለህን ነው የሚወስድብህ፣ እነሱ ግን ያረጀ ፍሬን ላይ ነው ልጆችህን የሚያሳፍሩህ።

እንግዲህ ሰውየው ዋሽቷል ያለው ያን ቃል ነው። ለእኛ የቀረንን የመጨረሻ ቃሉን።

ገዢው የውጫሌ እህል ነጋዴ ነው። ወፈር ያለ፣ ካኪ ለባሽ፣ ካድሬ ሳይሆን እንደ ካድሬ የሚራመድ። ወንድሜ በሕይወት እያለ ሁለት ጊዜ መኪናዋን ሽጥልኝ ብሎት እንቢ ብሎታል። ለቅሶ ሊደርሰን ሲመጣ «አብሽሩ፣ ሶብር አድርጉ» አለና ወዲያው ወደ መኪናዋ ዞሮ ጎማዎቿን ሲያይ አይቼዋለሁ። ያኔ ነው የጠላሁት። የቀረው በኋላ የተጨመረ ነው።

ያን ቀን ከደሴ መካኒክ ይዞ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጥፍሮቹ ሥር ግራሶ የተቀበረ ሰው። ገዢው «ቆጣሪውን ተመልከት» ሲለው፣ መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ።

«ቁጥሩን መጨረሻ ነው የማየው። ቁጥሩን ቀድመህ ካየህ ሌላውን ሁሉ ቁጥሩ እንዳለህ ነው የምታየው።»

በሩን ከፈተና ከጫፉ ይዞ ወደ ላይ አነሳው። ብዙ የሄደ መኪና በሩ ማጠፊያው ላይ ይወርዳል፤ የእኛው አልወረደም። መሪውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ለስልሷል፣ ግን አልተላጠም። ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ተነሣ፣ ተቀመጠ፤ ሞላው ቁጭ አላለም። የዳሽቦርዱን ብሎኖች አንድ በአንድ በጥፍሩ ነካካ። ካቻቢቴ የገባበት ብሎን አፉ ይቦጫጨቃል አለ። አልተቦጫጨቀም። ከዚያ ቁጥሩን አየ። የተመለሰ ቆጣሪ ቁጥሮቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላል፤ የእኛው ግን ቀጥ ብሎ ተሰልፏል። ስልሳ ሦስት ሺህ ከጥቂት መቶ።

እኔ በሆዴ ወንድሜን እያመሰገንኩ ነበር።

መካኒኩ ሊወርድ ሲል ጎንበስ አለና እግር ማረፊያውን በባትሪ አበራ። ፔዳሎቹን በጣቱ ዳሰሳቸው።

«ና እይ» አለ። የጠራው ገዢውን ነው።

የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላስቲክ አልቆ፣ ተቦድሶ፣ ብረቱ ይታያል። የፍሬኑም እኩሌታው ሄዷል።

«ይህ የሁለት መቶ ሺህ ፔዳል ነው» አለ መካኒኩ። «ስልሳ ሦስት ሺህ እንዲህ አይበላም።»

«ብሎኑስ? ቁጥሩስ ቀጥ ማለቱ?» አልኩ።

«እሱም እውነት ነው። ፔዳሉም እውነት ነው። አንዱ ይዋሻል።»

ያኔ ነው ገዢው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ያን ቃል የተናገረው።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እኛ ስለ መኪና አናውቅም። ሟች ያለንን ነው የነገርንህ። ካስቸገረም ዋጋው ላይ እንነጋገራለን።»

አጎቴን በዚያች ደቂቃ ከገዢው እኩል ጠላሁት። ዋጋ ከቀነስን አመንን ማለት ነው። ይህ እንዴት አይገባውም? ገዢው ግን ገብቶታል። ፈገግ አለ።

«ዋጋው ግማሽ ነው። ግማሽም ለየቲሞቹ ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል! አንተ ተምረሃል አይደል? እስቲ ወላሂ ቆጣሪው አልተነካም በል። አሁን፣ እዚሁ። በሙሉ ዋጋ ወስዳታለሁ።»

አፌን ከፈትኩ።

ቃሉ አልወጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደሴ ነው የኖርኩት። መኪናዋን የማያት ለበዓል ስመጣ ነው። በወንድሜ ቃል ልምል? ቆጣሪው ተነክቶ ከሆነ ደግሞ፣ እሱ በዋሸው ላይ እኔ በአላህ ስም ምዬ ልጨምርበት ነው። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ማሰብ አልነበረብኝም።

«አያችሁ?» አለ ገዢው፣ ለአጎቴም ለሴትዮዋም። «ወንድሙም አያምነውም!»

የወንድሜ ሚስት ልጇን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ያኔ ነው የወንድሜ የጎማ ጫማ፣ በረባሶው ትዝ ያለኝ።

«በረባሶ ነበር የሚያደርገው» አልኩ። ጮኼ ነው መሰለኝ። «ሲነዳም በረባሶ ነው። ዓሣ ለመጫን ውኃው ውስጥ ይገባል፣ ቆዳ ጫማ ይበሰብስበታል። በረባሶው ነው ላስቲኩን የበላው።»

ገዢው ሳቀ። «በበረባሶ የሚነዳ ሹፌር! እንግዲህ ዓሣው የተባለው በከንቱ አይደለም።»

መካኒኩ ግን አልሳቀም። «ሚስማር አለው?» አለኝ።

«አለው። ከዚህችው መኪና አሮጌ ጎማ ነው ያስቆረጠው። ከሥሩ ሚስማር አለው።»

«አምጣው።»

ወደ ቤት ገባሁ። የወንድሜ ሚስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። «የለም» አለች ሳትዞር። «አጣቢው ወስደውታል።» በእኛ ሰፈር ሟች ለብሶት የነበረውንና ተጫምቶት የነበረውን ላጠበው ሰው ሰደቃ ይሰጣሉ። ረስቼው ነበር። ወጥቼ ነገርኳቸው።

«ሱብሃነላህ!» አለ ገዢው። «ምስክራቸው ጫማ ነው። ጫማውም ጠፍቷል። እሺ፣ ሐሙስ ደሴ ስወርድ በዚህ አልፋለሁ። ወይ ጫማውን ታሳዩኛላችሁ፣ ወይ ግማሹን ትወስዳላችሁ። ከዚያ ወዲያ ግን የሐይቅ ከተማ ሰው ሁሉ ይስማ፣ ቆጣሪ መላሽ ነበር።»

ያንን ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግኩ። የብረቱ ቅዝቃዜ በሸራ ጫማዬ በኩል ይሰማኛል። ሁለት ዓመት ብዙ ነው ብዬ አሰብኩ። ልጆች ወልዷል፣ ቸግሮታል። ሰው ይለወጣል። ቆጣሪ መላሽ የሚጠላው የራሱን ለመሸፈን ቢሆንስ? ይህንን ሁሉ አሰብኩ። በራሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ። አንድ ሌላም ነገር አድርጌአለሁ፤ ለማንም ያልነገርኩት። ተነሥቼ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩና አዲስ የፔዳል ላስቲክ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የለም አለኝ። ኖሮት ቢሆን ገዝቼ እለውጠው ነበር።

በማግስቱ አጣቢውን ፍለጋ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ በሰፈራችን ሬሳ ሲኖር የሚጠሩትም እሳቸው ናቸው። ታንኳቸውን ገልብጠው ይጠግናሉ። ከፊታቸው በፊት እግራቸውን ነው ያየሁት። የወንድሜ በረባሶ፣ ጭቃ ውስጥ። ሰላምታም አልሰጠሁ።

«ጫማውን እፈልገዋለሁ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«የወንድሜን ጫማ። ለአንድ ቀን ይስጡኝ።»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ወንድምህ ጫማ የለውም። ጫማው የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ግን…»

«ሰደቃ ሰጥታችሁ ትመልሳላችሁ? እናንተ ቤት ሰደቃ በውሰት ነው?»

«እለውጥልዎታለሁ። ያደረግኩትን ሸራ ጫማ ይውሰዱ፣ ደህና ነው።»

የያዙትን ገመድ ጣሉት። «ጀናዛ አጥቤ የተሰጠኝን በሸራ ጫማ ልለውጥ? ሂድ አንተ ልጅ፣ ከፊቴ ጥፋ። አጎትህን ደግሞ ልጅ አላሳደግክም ብለውሃል በለው።»

መሄድ ነበረብኝ። ግን እግሬ አልሄደም። ቆሜ ነገሩን ሁሉ ተናገርኩ፤ እየተንተባተብኩ፤ መጀመሪያውን መጨረሻ፣ መጨረሻውን መጀመሪያ እያደረግኩ። ፔዳሉን፣ መካኒኩን፣ ሰውየው ዋሽቷል ማለቱን። እዚያ ላይ ስደርስ ቀና አሉ።

«ሟቹ ዋሽቷል አለ?»

«አዎ።»

«በአንተ ጆሮ?»

«በጆሮዬ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

በረባሶውን አየሁ።

«ወላሂ አልዋሸም አላልክም?»

«አላልኩም።»

«ታዲያ አንተም ዋሽቷል ብለሃል።»

ሽማግሌው ገመዳቸውን አነሡና ቋጠሮውን ጥርሳቸው ላይ አድርገው አጠበቁ።

«የግራ ተረከዙ ስንጥቅ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሳጥበው አይቼዋለሁ። የዚህ ጫማ ሥራ ነው። እኔንም መሰንጠቅ ጀምሮኛል።» ወደ እግራቸው አዩ። «ጫማው ከእግሬ አይወልቅም። እግሬ ግን ይመጣል። ሐሙስ ስንት ሰዓት?»

ሐሙስ ጠዋት ከሁላችን ቀድመው መጥተው በራችን ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። የወንድሜ ሚስት ቁርስ ብታቀርብ አልበላም አሉ። ገዢውና መካኒኩ የመጡት ረፋድ ላይ ነው። ገዢው ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ አያቸው።

«ምስክሩ እኚህ ናቸው?»

«ምስክሩ እግሬ ነው» አሉ። «እኔ ዝም ነው የምለው።»

መኪና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ሲወጡ ራሳቸው ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። ገዢው ሲስቅ አጎቴ ሳይቀር ፊቱን አጠቆረበት። መካኒኩ ተንበርክኮ የሽማግሌውን ግራ እግር በሁለት እጁ ያዘና ጫማውን ከነእግሩ ገለበጠው። ሦስት ሚስማር አለው፤ ሁለቱ ራሳቸው ወጣ ወጣ ብሏል፣ አንደኛው ተጣሟል። ከኪሱ የግራሶ ቆርቆሮ አወጣ። ሦስቱንም ሚስማሮች ራስ በግራሶ ነካ ነካ አደረገና እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ።

«ይርገጡት። ይልቀቁት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ሽማግሌው ረገጡ፤ ለቀቁ።

መካኒኩ ባትሪውን አበራ። እኔ በሌላው በር ጎንበስ ብዬ አየሁ። የተበላው ላስቲክ ሦስት ጉድጓድ ነበረው፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጉድጓድ መሆኑንም አላወቅኩም፣ የተቀዳደደ ነው የሚመስለው። በሦስቱም ጉድጓድ ውስጥ አዲስ ግራሶ አርፏል። የተጣመመው ሚስማር ጉድጓድ ራሱ ጠማማ ነው።

መካኒኩ በዚህ አልበቃውም። የፔዳሉን ክንድ ይዞ ግራና ቀኝ ገፋው። ደግሞ ገፋው። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«ሁለት መቶ ሺህ የሄደ ፔዳል ፒኑ ላይ ይላወሳል። ይሄ አይላወስም። ያን ቀን ማየት ነበረብኝ፤ ላስቲኩን አይቼ ቆምኩ።» ከገዢው ይልቅ የሚናገረው ለራሱ ይመስል ነበር። «ጫማው ነው የበላው። ቆጣሪው ልክ ነው።»

የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ገዢው አንድም ነገር እንዳልሆነ እጆቹን አጨበጨበ። «አልሃምዱሊላህ! በቃ፣ እንጨርስ። ውሉን ቀበሌ እናስመዝግብና…»

«መጀመሪያ መልስ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ያልከውን መልስ። እዚሁ ነው ያልከው፣ እዚሁ መልስ።»

«ኧረ ልጅ!» አለ አጎቴ። «ታላቅህ ናቸው! ይመልሱ አይባልም?»

ይመልሱ አላልኩም። ገዢው መጀመሪያ አጎቴን፣ ከዚያ መካኒኩን አየ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ አላገዘውም። ሽማግሌው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የሚወርዱ አይመስሉም።

«እሺ» አለ ገዢው። ወደ መሬት እያየ። «ሟቹ አልዋሸም።»

«አልሰማሁም።»

«አልዋሸም ነው የምልህ! እውነቱን ነው የተናገረው። አላህ ይርሃመው። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

«አውፍ ብለናል» አለ አጎቴ ቶሎ ብሎ።

የወንድሜ ሚስት ቆየች። «አውፍ» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ አልልም» አልኩ።

«እንዳሻህ» አለ ሰውየው። «አልክም አላልክም መኪናዋ የእኔ ናት።»

ሽማግሌው ወረዱ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩኝ። የሚሉኝ ነገር ያለ መስሎኝ ጠበቅኩ። ቁልቁል ወደ ሐይቁ ሄዱ፤ የጫማው ምልክት አቧራው ላይ ቀረ። የጎማው ጥርስና በግራው እግር ሦስት ነጥብ።

ገዢው መኪናዋን ከመውሰዱ በፊት መካኒኩን የተበላውን ላስቲክ አስነቅሎት ግቢያችን ውስጥ ወረወረው። «ይህን ለማስታወሻ» አለ። ለስድብ ነው ያለው። እኔ ግን አነሣሁት። አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ ነው። ግራሶው ደርቋል፤ ጉድጓዶቹን በጣቴ ስነካቸው ያጠቁረኛል።

መኪናዋ በየሳምንቱ በበራችን ታልፋለች። ሰውየው እኔን ሲያይ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሰላምታ ይሁን ዘለፋ አላውቅም። ፊቴን አዞራለሁ። አጎቴ ቂመኛ ነህ ይለኛል። ነኝ። አውፍ አላልኩትም፤ የምልም አይመስለኝም።

ግን አንድ ነገር አለ። እሱ ያን ቃል በአፉ ተናገረ፣ በአፉም መለሰ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔ ዋሽቷል ያልኩት በዝምታ ነው። ከዚያም በመለዋወጫው ሱቅ ደጃፍ። እኔን ያልከውን መልስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁለት ጊዜ ወደ መቃብሩ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ፋቲሃ ቀርቼ፣ ቆሜ፣ ሳልናገር ተመለስኩ።